በአፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ጥቃቅን ሠራተኞች

ገበሬ በእርሻ ሥራ የሚረዱት እነማን እንደ ኾኑ ቢጠየቅ በሬዎቹን፥ ልጆቹንና የወንፈል ባልንጀሮቹን ይቈጥራል። ነገር ግን ከነዚህ ሌላ እጅግ ብዙ ሠራተኞች አሉት። እነርሱም ደመወዝ አይጠይቁም፤ ቀንና ሌሊት ይሠራሉ፤ በዐይንም አይታዩም። ቤታቸው አፈር ነው።

እነዚህ ሠራተኞች ባክቴሪያና ሻጋታ የሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። በአንዲት የሻይ ማንኪያ መልካም አፈር ውስጥ ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ሺሕ ሚሊዮን ባክቴሪያ ይገኛል። ሰው ሊያያቸው የሚችለው በአጉሊ መነጽር ነው። ከነርሱ አንዳንዶቹ አዝመራን ያሳምማሉ፤ የሚበዙት ግን ጉዳት የሌለባቸው ወይም ጠቃሚዎች ናቸው።

የመዠመሪያው ሥራቸው የሞተውን ለሕያው ምግብ ማድረግ ነው። ቅጠል ሲረግፍ፥ ገለባ ሲወድቅ፥ ፍግም በእርሻ ላይ ሲበተን እነርሱ ይበሉታል፤ ያበሰብሱታልም። በውስጡ የነበረው ምግብ በውሃ ሟሙቶ ወደ አዝመራው ሥር ይገባል። እነርሱ ባይኖሩ የወደቀው ቅጠል ኹሉ እንደ ወደቀ ይቀር ነበር፤ አዲሱም ቡቃያ የሚመገበውን ያጣ ነበር። ደግሞም ከሰውነታቸው የሚወጣ እንደ ሙጫ ያለ ነገር የአፈሩን ቅንጣት እርስ በርሱ ያያይዘዋል። እንዲህ ያለው አፈር ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ይጠጣል እንጂ ጎርፍ በቶሎ አይወስደውም።

ኹለተኛው ሥራቸው ከባቄላ፥ ከአተር፥ ከሽምብራና ከምስር ጋራ ያላቸው ማኅበር ነው። አዝመራ ኹሉ እንዲያድግ ናይትሮጅን የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። ሰው ከሚተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78ቱ እጅ ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን ስንዴም ጤፍም ገብስም ይህን ከአየር ሊወስዱ አይችሉም፤ በተቈለፈ ጐተራ አጠገብ ተቀምጦ እንደሚራብ ሰው ናቸው። ወደ ባቄላ ሥር ግን ባክቴሪያዎች ይገባሉ። ባቄላውም በሥሩ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ትንሽ እብጠት አውጥቶ ቤት ያደርግላቸዋል፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራውም ስኳር ያበላቸዋል። እነርሱም በፈንታቸው ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለባቄላው የሚስማማ ምግብ ያደርጉለታል። አንዱ ለሌላው ይሠራል፤ ኹለቱም ይጠግባሉ።

የኢትዮጵያ ገበሬ ባቄላ ወይም አተር በነበረበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ ቢዘራ መልካም እንደሚያፈራ ከአባቶቹ ተምሮ ያውቃል። ምክንያቱ ግን ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ሄልሪገል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ከባልንጀራው ከቪልፋርት ጋራ ኾኖ ይህን ገለጠ። አተርንና አጃን ናይትሮጅን በሌለበት አሸዋ ዘሩ። አሸዋውን አስቀድመው አግለውት ነበርና በውስጡ ሕያው ነገር አልቀረም። ኹለቱም ቀጨጩ። ከዚህ በኋላ የእርሻ አፈር የተበጠበጠበት ጥቂት ውሃ ጨመሩባቸው። አጃው እንደ ቀጨጨ ቀረ፤ በአተሩ ሥር ግን እብጠት ወጣ፥ አተሩም ለመለመ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ቤየሪንክ የሚባል የሆላንድ ሊቅ ባክቴሪያውን ከእብጠቱ ለይቶ አወጣ። ባቄላው ከታጨደ በኋላ ሥሩ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ የተከማቸው ምግብ ለሚቀጥለው ስንዴ ይተርፋል።

ሦስተኛው ሥራ የሻጋታ ነው። ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክሩን ከብዙ ዐይነት አዝመራ ሥር ጋራ አያይዞ በአፈር ውስጥ ይዘረጋል፤ ሥሩ ከማይደርስበት ስፍራም ውሃና ፎስፎረስ የሚባለውን ምግብ ያመጣለታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ክሩ ቀጭን ሲኾን ብዛቱ ኀይል ኾነው።

ነገር ግን እነዚህ ሠራተኞች ይራባሉ። በብዙ የደጋ አገር ዕንጨት ስለ ጠፋ ፍጉ ኩበት ኾኖ ይነዳል። እናት ለልጆችዋ እራት ማብሰል አለባትና ስለዚህ አትነቀፍም። ኾኖም ገለባው ለከብት፥ ኩበቱ ለምድጃ ከኾነ ለአፈሩ ምን ይቀርለታል? አመዱ ወደ እርሻ ቢመለስ እንኳ ናይትሮጅኑ አብዛኛው ከጢሱ ጋራ ሄዷል። አፈሩ በየዓመቱ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ እህሉም እያደር ያንሳል። የዛሬው እሳት የከርሞን እንጀራ ይበላል።

መድኀኒቱ ከገበሬው እጅ የራቀ አይደለም። በቤቱ አጠገብና በእርሻው ዳር ለማገዶ የሚኾን ዛፍ ይትከል፤ ማገዶ ሲያገኝም ፍጉን ወደ እርሻው ይመልስ። ጥራጊውንና ቅጠሉን በጕድጓድ አከማችቶ ያበስብስ። ባቄላንና ስንዴን በየዓመቱ ያፈራርቅ። በመከርም ጊዜ ባቄላውን ይጨድ እንጂ ከነሥሩ አይንቀል።

ይህን በዐይኑ ሊያይ የሚወድ ተማሪ ባቄላ በሚያብብበት ወራት የማሳውን ባለቤት አስፈቅዶ አንዱን ባቄላ ቀስ ብሎ ቈፍሮ ያውጣ፤ ሥሩንም በውሃ ይጠብ። እብጠቱን በጥፍሩ ሲሰነጥቀው ውስጡ ቀይ ቢኾን ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ናቸው። አረንጓዴ ወይም ዐመድማ ቢኾን ግን አይሠሩም።

ትንሽ ነው ብሎ ረዳቱን የሚንቅ ሰው በመጨረሻ ብቻውን ይቀራል። አፈሩን የሚያበላ ግን አፈሩ ያበላዋል።

ጥያቄ።
1. ስንዴ ከአየር ሊወስደው የማይችለው ምግብ ምንድር ነው?
2. ባቄላው ለባክቴሪያዎቹ ምን ይሰጣቸዋል? እነርሱስ ለባቄላው ምን ይሰጡታል?
3. ኩበት ሲነድ አፈሩ ምን ያጣል?