ብራናውንም መሬቱንም ጠይቅ

ልጄ፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ዘመን ከመሬት ውስጥ የሚፈልገውን ትምህርት ልትማር መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከደብረ ማርቆስ ከመውጣትህ በፊት ይህን ምክሬን ያዝልኝ።

1. ግእዝህን ይዘህ ሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታዊ ጽሑፎች ሲገኙ፣ የመጽሐፈ ሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ፣ የኩፋሌም በዕብራይስጥ አብሮ ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ አሉ። ሄኖክ ሙሉውን የሚገኘው ግን በግእዝ ብቻ ነው፤ የጎደለውን ለመሙላት ሊቃውንቱ ወደ ግእዙ መመለስ ነበረባቸው። አባቶቻችን ብራና እየፋቁ፣ ቀለም እየበጠበጡ ያቆዩልንን ሳታውቅ የሩቁን ዋሻ ብታይ ግማሹ ያመልጥሃል። በዲማና በዋሸራ ያሉት ጉባኤ ቤቶችም ቅርብህ ናቸው።

2. የአገሩን ሰው አስቀድመህ ጠይቅ። በየሓ አቅራቢያ ያለውን የቤተ ሰማዕቲ ጉብታ የአካባቢው ሰው ትልቅ ቦታ እንደ ነበረ ሲናገር ኖሯል። ተመራማሪዎቹ ሲቆፍሩት የ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን አገኙ። መስቀልና የግእዝ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ማንጠልጠያ ወጣ፤ የበሬ ራስ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበትም ወጣ። ክርስትና በንጉሥ ኢዛና ዘመን ሲገባ ሕዝቡ የቀድሞ ልማዱን በአንድ ቀን እንዳልጣለ የበሬው ምልክትና መስቀሉ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው ያሳይሃል።

3. ስምና ዘመን ሲጋጩ ዘመኑን እመን። አክሱም ያለው የዱንጉር ፍርስራሽ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይባላል። ግንቡ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተሠራ ነው፤ ከሰሎሞን ዘመን ከ1,000 ዓመት በላይ ይርቃል። ይህ የንግሥቲቱን ታሪክ አያፈርስም፤ ቤቱ የእርሷ እንዳልሆነ ብቻ ይነግርሃል።

4. መሬት ያልተናገረውን አታናግረው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን 46 ከተሞች እንደ ያዘና ንጉሡን ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም እንደ ከበበ በሸክላ ላይ አስጽፏል፤ ከተማዋን ያዝኩ ግን አላለም። መጽሐፈ ነገሥት ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሰናክሬምን ሊወጋ እንደ ወጣና የእግዚአብሔር መልአክ የአሦርን ሠራዊት እንደ መታ ይናገራል። ሸክላው ስለ ሕዝቅያስና ስለ ከበባው ምስክር ይሆንልሃል። የመልአኩን ሥራ ግን በአካፋ አትፈልገው፤ አካፋ ስላላገኘውም የለም አትበል። እምነትህን በገል ስባሪ ላይ ካቆምኸው ሌላ ስባሪ ይጥለዋል።

5. ያለ ፈቃድ አትቆፍር፤ ወርቅ ፈላጊንም አትከተል። ከነበረበት አፈር ተነቅሎ የተሸጠ ዕቃ ከጥራዙ እንደ ወጣ የብራና ቅጠል ነው፤ ተራው ከጠፋ ንባቡ ይጠፋል። አራሽ በማረሻው ጥንታዊ ነገር ቢያወጣ እንዳይነካካውና ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያመለክት ንገረው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያዝዘውም ይህንኑ ነው።

6. ያገኘኸውን ለባለቤቱ መልስ። ጥናትህ በውጭ ቋንቋ ቢታተም መልካም ነው። ነገር ግን ቦታውን ያሳየህ ገበሬና የደብሩ ካህን ምን እንደ ተገኘ በአማርኛ ከአፍህ ይስሙ። ያወቀ ሕዝብ ቅርሱን ከማንም ዘበኛ ይልቅ ይጠብቃል።