የተጎታች ቤት የውሃ ፓምፕ፦ ዝም ሲል፣ በከንቱ ሲጮህ፣ ብቻውን ሲነሳ

በአሜሪካ የካምፕ ሥፍራ ተጎታች ቤቱን ያቆመ ሰው ሩቢኔት ከፍቶ ውሃ ሲያጣ፣ መጀመሪያ የሚወቅሰው ፓምፑን ነው። አዲስ ገዝቶ ይመጣል፣ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ያስራል፤ ውሃው ግን አሁንም የለም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከፓምፑ በፊት ወይም ከፓምፑ በኋላ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ማብሪያውን ተጭነው ያዳምጡ። ፓምፑ ዝም ይላል? እየጮኸ ውሃ አያመጣም? ወይስ ማንም ሳይነካው ይነሳል? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የሚፈለጉትም በተለያየ ቦታ ነው።

ዕቃው እንዴት ይሠራል

ፓምፑ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ከአልጋ ወይም ከሶፋ ሥር ተደብቆ ይገኛል፤ የሚሠራውም በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ሞተሩ ሲዞር ዳያፍራም የሚባለው የጎማ ሽፋን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በአንዱ እንቅስቃሴ ውሃ ከታንከሩ ይስባል፣ በሌላው ወደ ቧንቧው ይገፋል። ትናንሽ ቫልቮች ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ከላዩ ደግሞ የግፊት ማብሪያ አለው፦ ሩቢኔት ሲዘጋ ግፊቱ ወጥቶ ሞተሩ ይቆማል፣ ሲከፈት ግፊቱ ወርዶ ሞተሩ ይነሳል። በብዙ ተጎታች ቤቶች የሚታየው ሹርፍሎ 4008 በደቂቃ እስከ 3 ጋሎን ማለትም 11 ሊትር ገደማ ይገፋል፤ 55 ፒኤስአይ ሲደርስም ይቆማል።

ቤቱ ከካምፑ የቧንቧ ውሃ ጋር ከተያያዘ ፓምፑ አያስፈልግም፤ ያጥፉት።

ጭራሹን ዝም ካለ

ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ሦስቱን በሽታዎች ሳነጻጽር ቀላሉ ይህ ይመስለኛል። ፊውዙን ይዩ። ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው መጠን ይተኩት፤ ደግሞ ከተቃጠለ ሞተሩ ተይዟል ወይም ሽቦ ተነካክቷል ማለት ነው። በ10 አምፔር ፋንታ 20 መክተት ፓምፑን አያድነውም፣ ሽቦውን ያቃጥላል እንጂ።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ማብሪያው በርቶ እያለ በቴስተር ፓምፑ ሽቦዎች ላይ ቮልቱን ይለኩ። 12 አካባቢ ካላገኙ ማብሪያዎቹን ይመርምሩ፤ አንዳንድ ቤት አንዱ ማእድ ቤት፣ ሌላው መታጠቢያ ቤት ሆኖ ሁለት ማብሪያ አለው። የማሳው ሽቦ የታሰረበት ብሎንም ዝጎ ሊሆን ይችላል። ቮልቱ እያለ ሞተሩ ዝም ካለ የግፊት ማብሪያውን ሁለት ሽቦዎች ለአፍታ ያገናኙ። ሞተሩ ከተነሳ የሞተው የግፊት ማብሪያው ብቻ ነው። እንደተገናኘ ግን አይተዉት፤ ግፊቱን የሚያስቆመው እሱ ነው።

እየጮኸ ውሃ ካላመጣ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሞተሩ ከዞረ ኤሌክትሪኩን ይተዉት፤ ችግሩ ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ባለው መስመር ላይ ይፈለጋል።

አስቀድመው ታንከሩ በእርግጥ ውሃ እንዳለው ያረጋግጡ። ግድግዳው ላይ ያለው አመልካች መብራት ደጋግሞ ይዋሻል፤ ቢቻል ታንከሩን ራሱን ይመልከቱ። ቀጥሎ ከፓምፑ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ ይፍቱ። በአዲስ ቤት ታንከሩ ሲበሳ የቀረ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ፣ በአሮጌው ደግሞ ደለል ይሞላታል። አጥበው ሲመልሷት ጎሚኒዋ በቦታዋ መቀመጧን ልብ ይበሉ።

ይህችን ጎሚኒ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከፓምፑ በኋላ ያለ ቧንቧ ቀዳዳ ካለው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ወለሉ ይረጥባል፣ ሰውም ያየዋል። ከፓምፑ በፊት ያለው መስመር ግን የሚሳብ ስለሆነ ቀዳዳው አየር ያስገባል፤ ጠብታ ላያሳይም ይችላል። ሁሉ ነገር ደረቅ ሆኖ ፓምፑ አየር ብቻ ይጎትታል። ስለዚህ በዚህ በኩል እርጥበት አይፈልጉ፤ የላላ ማሰሪያና የተጣመመ ጎሚኒ ይፈልጉ።

ሌላው ተጠርጣሪ ለክረምት ማዘጋጃ የሚያገለግለው ቫልቭ ነው። ከጎኑ የምትወጣው አጭር ጎማ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ከዕቃው ለመሳብ የተሠራች ናት። በበልግ ተከፍቶ በጸደይ ሳይዘጋ ከቀረ ፓምፑ ከታንከሩ ውሃ በመሳብ ፋንታ በዚያች ጎማ አየር ይስባል። የታንከሩ መተንፈሻ ሲደፈንም ውሃው መጀመሪያ ይመጣና እየደከመ ይሄዳል፤ የመሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከተሻለው ምክንያቱ ታውቋል።

አሁንም ካልተገኘ የመግቢያውን ጎማ ይንቀሉና ፓምፑ በአጭር ጎማ ከባልዲ ውሃ እንዲስብ ያድርጉ። ከባልዲው ከሳበ ፓምፑ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ነው። ካልሳበ መግቢያውን በአውራ ጣት ይድፈኑ፤ መሳብ ካልተሰማዎት ቫልቮቹ ቆሻሻ ይዘዋል ወይም ዳያፍራሙ ተቀዷል። አዲስ ፓምፕ የሚገዛው እዚህ ሲደረስ ነው።

በጸደይ መጀመሪያ ታንከር ሲሞላ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ባለ 6 ጋሎን ቦይለር እስኪሞላ ፓምፑ ሁለት ደቂቃና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ቢሮጥ አይገርምም። ከሙቅ ውሃው ሩቢኔት ያለማቋረጥ ውሃ ሳይወርድ የቦይለሩን ኤሌክትሪክ አያብሩ፤ ባዶ ቦይለር ውስጥ ያለ ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል።

ሌሊት ብቻውን ከተነሳ

ሁሉም ሩቢኔት ተዘግቶ ፓምፑ በየጊዜው ትርር እያለ የሚቆም ከሆነ ግፊቱ በአንድ በኩል እያመለጠ ነው። ከመታጠቢያና ከማእድ ቤት ገንዳ ሥር፣ ከሽንት ቤቱ ቫልቭ፣ ከውጭው ሻወር፣ ከቦይለሩ የግፊት ማስተንፈሻ፣ ከቤቱ ሥር ካሉት ማፍሰሻዎች ጠብታ ይፈልጉ። ከውጭ የካምፑ ጎማ የሚገባበት አፍም ውስጡ ቫልቭ ስላለው ሊያንጠባጥብ ይችላል።

ምንም ጠብታ ካልተገኘ ውሃው በፓምፑ ውስጥ ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ይሆናል። ማረጋገጫ አለው፦ ቤቱን ከካምፑ ውሃ ጋር ያያይዙ፣ ፓምፑን ያጥፉ። ማንም ሳይሞላው ታንከሩ ከሞላ ውሃው እንዳይመለስ የሚከለክለው የፓምፑ ቫልቭ አልዘጋም።

ሩቢኔት በስሱ ሲከፈት ፓምፑ ቶሎ ቶሎ መነሳቱና መቆሙ ግን ብልሽት አይደለም። የሚያስጨንቅ ከሆነ ትንሽ የግፊት ማጠራቀሚያ ታንከር መጨመር ነው።

ውሃው ከደከመ

አንድ ሩቢኔት ብቻ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ይጠቡ። ሁሉም ከሆኑ ማጣሪያውን ይዩ፤ ፓምፑ እየሮጠም ቮልቱን ይለኩ። ሲቆም 12.6 ያሳየ ባትሪ ሥራ ሲጀምር ወደ 10 ከወረደ ፓምፑ ላይ አይፍረዱ።

ሲቀየር

አዲሱን ሲያስገቡ ቮልቱና በደቂቃ የሚገፋው መጠን ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። የማጣሪያዋ ቀስት ወደ ፓምፑ ያመልክት። ከፓምፑ አፍ ጋር የሚገናኘው አጭር ጎማ ተጣጣፊ ይሁን፤ ደረቅ ቧንቧ ንዝረቱን ወደ እንጨቱ ወስዶ ቤቱን ሁሉ ያስጮኻል። ጎሚኒ ባላቸው ማያያዣዎች ላይ ቴፍሎን አይጠምጥሙ፤ በእጅ ብቻ ያጥብቋቸው። በቁልፍ ካጠበቋቸው የፓምፑ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል።