ቤንዚኑ የት ገባ?

አንድ የገበሬዎች ማኅበር አሮጌ መኪና አለው እንበል። መኪናው በቤንዚን የሚሠራ፣ አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ ላንድክሩዘር ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያመላልሳል። ምጥ የጠናባትን እናት በሌሊት ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ዘንድሮ ግን አምና በአንድ ሙሌት ደርሶ ይመለስበት የነበረውን መንገድ መጨረስ አቃተው። የማኅበሩ ገንዘብ በቤንዚን አለቀ። ወዲያው ሐሜት ተነሣ። «ሹፌሩ እየቀዳ ይሸጣል» ተባለ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ሳይለካ የሚከስ ሰው የንጹሑን ስም ያጠፋል። ስለዚህ ከመክሰሳችን በፊት እንለካ። የሚያስፈልገን ደብተር፣ እርሳስ፣ መቀነስና ማካፈል ብቻ ነው።

እንዴት እንለካለን?

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመን ቤንዚኑን እስከ አፉ እንሞላለን። ከመሪው ፊት ያለው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚያሳየውን ቁጥር እንጽፋለን። ቁጥሩ 48,310 ነው እንበል። መኪናው የዘወትር ሥራውን ይሥራ። ቤንዚኑ ሲያንስ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ እንሙላ። አሁን ቆጣሪው 48,550 ይላል፤ የገባው ቤንዚን 60 ሊትር ነው። ከ48,550 ላይ 48,310 ሲቀነስ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 240 ለ60 ሲካፈል 4 ይደርሳል። መኪናው በ1 ሊትር 4 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ጥቂት ነው? ኤፍ ጄ 40 የሚባለው ላንድክሩዘር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ የተገጠመለት ሞተር ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ነው። ሲፈጥረውም ቤንዚን ይወዳል። ደኅና ሆኖ በጥሩ መንገድ ሲሄድ በ1 ሊትር 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ጭነትና ዳገት ሲበዛ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ መኪናውን ማወዳደር ያለብን ከራሱ ጋር ነው። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት 5 ይሄድ የነበረው 4 ከሆነ አንድ ምክንያት አለ።

ምክንያቱን ከቀላሉ ጀምረን እንፈልግ

1. ጠብታ። መኪናው ያደረበትን መሬት እንይ፤ እናሽትት። ቤንዚን ከሸተተ ቱቦው ተሰንጥቋል። ኩራዝም ሆነ ሲጋራ ወደዚያ አይቅረብ። ቤንዚን ከሩቅ እሳት ይስባል።

2. ጎማ። የተነፈሰ ጎማ በጭቃ ውስጥ እንደሚጎተት ነው፤ ሞተሩን ያደክማል። ጎማው ከቀድሞው በትልቅ ተቀይሮ ከሆነም እንጠንቀቅ። ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። የጎማው ዙሪያ ከ10 እጅ 1 እጅ ከጨመረ፣ ቆጣሪው 240 ሲል መኪናው የሄደው 264 ነው። ቤንዚን ሳይጠፋ የጠፋ ይመስላል።

3. ፍሬን። ጥቂት ከሄድን በኋላ እጃችንን ወደ ጎማዎቹ መሐል እናስጠጋ፤ ብረቱን ግን አንንካ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም ከጋለ፣ ፍሬኑ ሳይለቅ ይዞ ቀርቷል። ይህ አደጋም ስለሆነ ቶሎ ይሠራ።

4. የፊት ጎማ ማርሽ። አራቱም ጎማ የሚጎትተው ለጭቃና ለአሸዋ ነው። ደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ ማርሹ እንደገባ ከቀረ ቤንዚን ይበላል፤ ብረቱንም ይጎዳል።

5. የአየር ፊልትሮ። በበጋ የመንገዱ አቧራ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ አየር ያንሰዋል፤ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱም ይጠቁራል። ሞተሩ በጠዋት ሲነሣ አየር የሚቀንስለት ክዳንም እንደተዘጋ ቀርቶ እንደሆነ እንይ።

6. ካንዴላ። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ይፈታ። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። እንደ ምጣድ ጥላሸት ደርቆ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፤ ወይም እሳቱ ደክሟል። በዘይት ከራሰ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው።

7. ካርቡራቶር። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው እሱ ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል። ይህንና የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል የመካኒክ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ስናሠራ እንደገና እንለካ። ሁሉን ባንድ ቀን ብንቀይር የትኛው እንደፈወሰው አናውቅም። ገንዘባችንም በከንቱ ይወጣል።

ሂሳቡን ሹፌሩና ገንዘብ ያዡ አብረው ይጻፉ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። መኪናው ተፈትሾ፣ ጉድለቱም ተጠግኖ ቁጥሩ አሁንም ከጎደለ፣ ያን ጊዜ ሹፌሩ በስብሰባ ፊት ይጠየቅ። ደብተሩ ይነበብ፤ እሱም መልስ ይስጥ። ቁጥሩ ከተስተካከለ ደግሞ ያሙት ሁሉ በዚያው ስብሰባ ይቅርታ ይጠይቁት። ሐሜት ምስክር የለውም፤ የተጻፈ ሂሳብ ግን ለበደለኛውም ለንጹሑም ምስክር ነው።

ጥያቄዎች

1. ቤንዚኑን ሁለቱንም ጊዜ እስከ አፉ የምንሞላው ለምንድን ነው?

2. ካንዴላው ደርቆ ከጠቆረ ምን እንጠረጥራለን?

3. ፊልትሮው ከተጸዳ በኋላ መኪናው በ48 ሊትር 240 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ1 ሊትር ስንት ሄደ? ከቀድሞው 60 ሊትር ስንት ሊትር ተረፈ?