ስለ ጊኒ ፒግ ጠባይና የሚነክሰውን ስለ ማላመድ

ጊኒ ፒግ ማለት የጊኒ አሳማ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንስሳው አሳማም አይደለም፣ አገሩም ጊኒ አይደለም። ከአይጥና ከጃርት ወገን የሚቈጠር፣ ጅራት የሌለው፣ ሣር በል ፍጥረት ነው። የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሥጋውን ለመብላት አላመዱት። ኋላም ለሕክምና ምርመራ ወደ ዓለም ሁሉ ተወሰደ። በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ሕዝቡ በልማድ ፓስተር በሚለው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የባህል መድኃኒትን ለመመርመር አገልግሏል።

ይህ እንስሳ ፈሪ እንጂ ክፉ አይደለም። አሞራ ከላይ ወርዶ የሚነጥቀው ስለ ሆነ፣ ከላይ የሚመጣበት እጅ ሁሉ አሞራ ይመስለዋል፤ መሸሻም ያጣ እንደ ሆነ ይነክሳል። ስለ ነከሰ የተመታ እንደ ሆነ የፈራው ነገር እውነት ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ አብልጦ ይነክሳል።

ከማላመድ አስቀድሞ ግን ሕመም እንዳለበት መመርመር ይገባል። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቪታሚን ሲን በገላው ውስጥ መሥራት አይችልም። ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ሐኪሞችም፣ ቪታሚን ሲ ገና ሳይታወቅ፣ እርጥብ ቅጠል ያጣ ጊኒ ፒግ እንደሚታመም በ1907 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት አስረድተዋል። እርጥብ ቅጠል ያጣ ጊኒ ፒግ መገጣጠሚያው ይታመማል፤ ሲነኩትም ስለሚያመው ይነክሳል። እንዲህ ላለው መድኃኒቱ ጎመንና ለምለም ሣር ነው።

የማላመዱ ሥርዓት እንዲህ ነው።

1ኛ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይነኩ መተው፣ መሸሸጊያም ማበጀት።
2ኛ፤ እጅን ታጥቦ፣ በምድር ተቀምጦ፣ በጎኑ በኩል ቅጠል በእጅ ማቅረብ።
3ኛ፤ ከእጅ መብላት የለመደ እንደ ሆነ ጀርባውን በቀስታ መዳሰስ።
4ኛ፤ አንዱን እጅ ከደረቱ በታች፣ ሁለተኛውን ከኋላ እግሮቹ በታች አድርጎ ማንሣትና ወደ ደረት ማስጠጋት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም መመለስ።
5ኛ፤ የነከሰ እንደ ሆነ ሳይጮኹና ሳይወረውሩ በቀስታ ማውረድ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ሥራው ትዕግሥትን ይፈልጋል።

ማናቸውም እንስሳ ሰውን የነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ማጠብ ይገባል። ይልቁንም የነከሰው ውሻ ወይም ድመት የሆነ እንደ ሆነ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላልና። የዚህም በሽታ መከላከያ ክትባት በዚያው በጉለሌ ተቋም ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል። መመታትን የፈራ ልጅ መነከሱን ይሸሽጋል፤ ስለዚህ መምህራንና ሽማግሎች የተነከሰውን ልጅ ከመቈጣት ይልቅ እንዲናገር ያደፋፍሩት።

ጊኒ ፒግ በሌለበት መንደር ይህን ትምህርት በጥንቸል ማስተማር ይቻላል። እንስሳም ሆነ ልጅ የሚቀርበው የማይፈራውን እጅ ነው።