ልጆቿን የት ነው የምታሳድገው?

አንድ ፍጥረት «ሊጠፋ ተቃርቧል» ሲባል አደጋው መቅረቡን እንረዳለን፤ ከየት በኩል እንደመጣ ግን ቃሉ አይነግረንም። ልዩነቱ እንዲታየን ሁለት የጨፌ ነዋሪዎችን፣ አንዲት ወፍና አንድ የውሃ ተርብ፣ ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

ወፏ ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ትባላለች፤ ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ክረምት ሲገባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ጨፌ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተተከሉ ካሜራዎች እዚያም እንደምትራባ እስኪያሳዩ ድረስ፣ መራቢያዋ ኢትዮጵያ ብቻ ትመስል ነበር። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ሰው ሲቀርባት በሣሩ ሥር ትሹለከለካለች፤ ሲጨንቃት ብቻ ብድግ ትልና፣ ነጩ ክንፏ ብልጭ ብሎ፣ እዚያው ቅርብ ተመልሳ ትሰወራለች። ጎጆዋ ሣር ውስጥ ነውና የሚያሰጋት የከብት ኮቴና ያለጊዜው የገባ ማጭድ ነው።

ተርቡ የአሜሪካ ነው፤ በኢሊኖይና በዊስኮንሲን አካባቢ ይገኛል። ሃይንስ ኤመራልድ ይሉታል፤ ዓይኖቹ እንደ መረግድ አረንጓዴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአገሪቱ ሊጠፉ የተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ውስጥ ገባ። በክንፉ ሲበር የምናየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ከምንጭ በሚወጣ ስስ ውሃ ውስጥ እጭ ሆኖ እስከ 5 ዓመት ይቆያል። በበጋ ውሃው ሲደርቅ እጩ የት ይገባል? ክሬይፊሽ የተባለው ባለ መቆንጠጫ የውሃ እንስሳ ወደቆፈረው ጉድጓድ ይወርዳል፤ ከታች ጥቂት ውሃ አይጠፋምና። ባለቤቱ እጩን ሊበላው ይችላል፤ ቢሆንም የእሱ ጉድጓድ ከሌለ ድርቁን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው።

እንግዲህ መድኃኒቱም ይለያያል። ለወፏ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ከብቱን ማራቅና አጨዳውን ማዘግየት ትልቅ እፎይታ ነው። ለተርቡ ግን ሜዳው ዓመቱን ሙሉ ቢታጠርም፣ ራቅ ብሎ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ምንጩን ካነጠፈው አጥሩ ከንቱ ነው። የአንዷ ስጋት ከላይ በተወሰኑ ወራት ይመጣል፤ የሌላው ከሥር፣ ዓመቱን ሙሉ።

ስለዚህ ስለ አንድ ፍጥረት መመናመን ስንሰማ «ስንት ቀሩ?» ብለን አናብቃ፤ ልጆቹን የትና በየትኛው ወር እንደሚያሳድግም እንጠይቅ። ጥበቃው የሚጀምረው ከዚያ ነው።