ረጅም ዝርዝርን በገጽ በገጽ ስለ መክፈልና ስለ ማስፈንጠሪያዎቹ

በኩዌት ከተማ ዙሪያ በፈርዋኒያና በሐወሊ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚከራይ ክፍል የሚያስታውቅ ድረ ገጽ ብንሠራ፥ ማስታወቂያውም 97 ነው እንበል። ሁሉን ባንድ ጊዜ ማቅረብ ስልክን ያዘገያል፥ ዓይንንም ያደክማል። ስለዚህ አዲሱን በፊት አድርገን 20 20 እንከፍለዋለን። 97 ለ20 ቢካፈል 4 ደርሶ 17 ይተርፋል፤ ትርፉም የራሱን ገጽ ስለሚሻ ገጾቹ 5 ይሆናሉ።

የመረጃ ቋቱ ሦስተኛውን ገጽ የሚያገኘው እንደምን ነው ቢሉ፥ ከገጹ ቍጥር 1 ቀንሶ ቀሪውን በ20 በማባዛት ነው። ከ3 1 ቢቀነስ 2 ይቀራል፤ በ20 ቢባዛ 40 ይሆናል። እንግዲህ 40ውን አልፎ ከ41ኛው እስከ 60ኛው ያቀርባል። የሚዘለለውን ኦፍሴት፥ የሚቀርበውን ልክ ሊሚት ይሉታል። ተራው ግን አስቀድሞ በግልጽ መታዘዝ አለበት፤ ያለዚያ ቋቱ በየጊዜው ሌላ ተራ ሊሰጥ ይችላል።

በዚህ ስልት ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉድለት አለ። ዓርብ ብቻ ዕረፍት ያለው አንድ ሾፌር የመጀመሪያውን ገጽ ሲያነብ ሳለ ከዚያው ገጽ አንድ ማስታወቂያ ቢሰረዝ፥ 21ኛው ወደ 20ኛው ስፍራ ይወጣል። እርሱም «ቀጣይ» ብሎ ሲሻገር ያን ክፍል በሁለቱም ገጽ ሳያየው ይቀራል፤ ምናልባትም ለኪሱ የሚስማማው እርሱ ነበረ። አዲስ ማስታወቂያ ከላይ ቢገባ ግን አንዱን ሁለት ጊዜ ያያል፤ ይህስ ቀላል ነው።

መድኃኒቱ ስፍራ መቍጠርን ትቶ የመጨረሻውን ማስታወቂያ ምልክት መያዝ ነው፤ ይኸውም «ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን 20 ስጠኝ» ማለት ነው። ባንድ ሰዓት የገቡ ሁለት ማስታወቂያዎች እንዳይምታቱ ከሰዓቱ ጋር መለያ ቍጥር ይጨመራል። የውክፔዲያ የመደብ ገጾችም 200 200 እየሆኑ፥ የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርበትን ስም በአድራሻው እየያዙ የሚሻገሩት በዚሁ መንገድ ነው። ዋጋው ግን ወደ 4ኛው ገጽ በቀጥታ መዝለል አለመቻሉ ነው። እኔ ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥ ዝርዝር ይህን እመርጣለሁ።

ስለ ማስፈንጠሪያው በኩዌት ልብ የሚባል ነገር አለ። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ፥ በዐረብኛው ገጽ የ«ቀጣይ» ቀስት ወደ ግራ፥ በአማርኛው ወደ ቀኝ ያመለክታል። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው እንዳይሳሳት ቃሉን ራሱን መጻፍ ይሻላል። በመጀመሪያው ገጽ «ቀዳሚ»፥ በመጨረሻው «ቀጣይ» አይኑር። ገጾቹ ቍጥር ካላቸው፥ አንባቢው ያለበት ቍጥር ይታይ እንጂ ማስፈንጠሪያ አይሁን። በአድራሻው ላይ በገጹ ቍጥር ፈንታ 0 ወይም ፊደል የገባ እንደ ሆነ፥ ሠሪው ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሰው።