ለሱቅ ኮምፒዩተር ርካሽ ኤስኤስዲ ስለ መምረጥ

የሱቁ ኮምፒዩተር ሲዘገይ ብዙ ነጋዴ አዲስ ለመግዛት ያስባል፤ ነገር ግን የሚሽከረከረውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የሌለው ማከማቻ ሲሆን፣ በሳታ መስመር በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ከዚህ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ የተባለው ዓይነት በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ብዙውን ጊዜ መግቢያ አያገኝም።

ርካሹ ቶሎ ያልቃል የሚለው ስጋት ከልክ ያለፈ ነው። 240 ጊጋባይት የሚይዘው ኪንግስተን ኤ400 በድምሩ 80 ቴራባይት እንዲጻፍበት ተመድቧል፤ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት እንኳ ወደ 11 ዓመት ይሆናል። ይህን ያህል የሚጽፍ ሱቅ ካለ፣ ገበያው በእርግጥ ደርቶለታል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም መጠኑ በሐሰት የተነገረ ዕቃ ነው። 2 ቴራባይት ተብሎ የሚሸጥ፣ በኮምፒዩተሩም ላይ 2 ቴራባይት ብሎ የሚያሳይ፣ ውስጡ ግን ከ64 ጊጋባይት የማይበልጥ ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ልክ ሲያልፍ አዲሱ ጽሑፍ በቀድሞው ላይ ይጻፋል፤ የዱቤው መዝገብ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ስለዚህ አስመጪው ከጭነቱ ጥቂቱን፣ ባለሱቁም የገዛውን፣ ሒሳቡ ሳይገለበጥበት በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ ሊያነበው ይገባል። ፈተናው ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ቢጀመር ጠዋት ውጤቱ ይገኛል። አሮጌውም ዲስክ መዝገቡን እንደ ያዘ ለጥቂት ወራት ይቀመጣል።